ማሳሰቢያ፦ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን እዩ

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝታችሁ ቀስ በቀስ የጌም ኮምፒውተር ልታደርጉት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይልቁንም ለልጆቻችሁ ብላችሁ ወጪውን የምትሸፍኑ ወላጆች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው። ሻጩም መጀመሪያ የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ካርዱን የሚያቃጥለው፣ አንዳንዴም ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን አብሮ ይዞ የሚሄደው ግን ማንም ስሙን የማያነሳው ፓወር ሰፕላይ ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ የጌም ኮምፒውተር ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይቀመስ ሆኗል። ስለዚህ ወጣቱ በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው የሚመጡትን ዴሎችና ኤችፒዎች ይገዛና ካርድ ያስገባባቸዋል። መንገዱ መጥፎ አይደለም፤ አቅሙን አውቆ ለሄደበት እንዲያውም ጥሩ መንገድ ነው። እነዚህ ማሽኖች ግን የተሠሩት ለወርድና ለኤክሴል ነው። ለምሳሌ የ3ኛ ጄኔሬሽኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 በትንሹ ኬዝ ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት፣ በትልቁ ኬዝ ሲመጣ 275 ዋት ነው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ደግሞ በራሱ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 75 ዋት ነው።

አሁን አንድ ልጅ አርኤክስ 580 ካርድ ገዝቶ መጣ እንበል። ካርዱ ብቻውን 185 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ገመዱ የለም። ሻጩ ግን መላ አያጣም፤ ከሃርድ ዲስክ የሳታ ገመድ ወደ ካርዱ መሰኪያ የምትቀይር ትንሽ አዳፕተር ከመሳቢያ ያወጣና "ቤተሰብ፣ ይቺን ሰክተህ ተጫወት፣ ምንም አይልህም" ይለዋል። እባካችሁ ይቺን አዳፕተር አትግዙ፤ በነፃ ብትሰጣችሁም አትቀበሉ። በሳታ መሰኪያ ውስጥ 12 ቮልት የሚያስተላልፉት ፒኖች 3 ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚችለው 1.5 አምፒር ነው። በድምሩ 4.5 አምፒር፣ ማለትም 54 ዋት። የካርዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ደግሞ እስከ 150 ዋት እንዲስብ ሆኖ የተሠራ ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነበት መሰኪያ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ የተላጡት ገመዶች ከተነካኩም እሳት ይነሳል። ይህ የሚሆነው ልጁ ጌሙ ውስጥ ገብቶ፣ ጆሮው ላይ ሄድፎን አድርጎ ባለበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የሱቅ መላ "ፓወሩን በ500 ዋት እንቀይርልህ" የሚለው ነው። መቀየሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 500 ግን አትመኑ። ዕቃውን አዙሩና ሠንጠረዡ ያለበትን ወረቀት ፈልጉ። እዚያ ላይ 12 ቮልት የሚለውን ዓምድ ተመልከቱና ከሥሩ የተጻፈውን አምፒር በ12 አባዙት። 16 አምፒር ካለ 192 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም ከሞላ ጎደል የሚመገቡት ከዚሁ መስመር ስለሆነ፣ የዕቃው እውነተኛ አቅም በትልቁ የተጻፈው ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው። እውነተኛ 500 ዋት ከሆነ በዚህ መስመር ላይ 40 አምፒር ገደማ ታያላችሁ። በእጃችሁም መዝኑት፤ ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ቀላል ፓወር ሰፕላይ ውስጡም ባዶ ነው። ከዚህ ሌላ ከ7010 በኋላ የመጡ ብዙ ዴሎችና ኤችፒዎች መደበኛውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ አይቀበሉም፤ የራሳቸው የተለየ መሰኪያ አላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን አስከፍታችሁ የማዘርቦርዱን መሰኪያ በስልክ ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ።

ርካሾቹ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ እንዳለ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ፈንድቶ ይሞታል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ይህን ሳታዩ በፍጹም እንዳትሰኩ። መብራት ሲጠፋም ኮምፒውተሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉት፤ ብዙ ዕቃ የሚበላሸው መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ ፓወር ሰፕላዩን ለመቀየር አቅም ከሌለ፣ ምክሬ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ብቻ ፈልጉ ነው። ጂቲኤክስ 1650 75 ዋት ነው፤ አንዳንዱ ሥሪት ግን ባለ 6 ፒን መሰኪያ ስላለው አይታችሁ ለዩ። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ 70 ዋት ነው። ባለ 8 ጊጋባይቱ ግን 130 ዋት ስለሚፈልግ በስም ተመሳሳይነት አትሸወዱ። ኬዙ ትንሹ ከሆነ ካርዱም በቁመቱ ግማሽ የሆነው ዓይነት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ኬዙ አይዘጋም።

አሁን ወደ ማጭበርበሩ ልምጣ፤ በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጂቲኤስ 450 የተባለ ያረጀ ካርድ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ተቀይሮ "ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ" እየተባለ ይሸጣል። ዊንዶውስ ላይ ስትከፍቱት የሚያወጣው ስም የውሸቱን ነው፤ ስለዚህ "ይኸው ኮምፒውተሩ ራሱ እያሳየህ" የሚል ሻጭ ማስረጃ አላቀረበም። ካርዱን በጀርባው በኩል እዩት። ለድሮ ሞኒተር የሚሆነው ሰማያዊው፣ ባለ 15 ቀዳዳው ቪጂኤ መሰኪያ ካለው ግዢውን እዚያው ላይ አቁሙ፤ የ10ኛው ተከታታይ ካርዶች ይህን ዓይነት ምስል ከራሳቸው አያወጡም። ከዚያም ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት። የተቀየረ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። "ፕሮግራም መጫን አይቻልም" ከተባላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሐሰተኛ ሳይሆኑም የሚያሳስቱ አሉ። ጂቲ 1030 በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል፤ ጂዲዲአር 5 ሜሞሪ ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያንቀሳቅስ፣ ዲዲአር 4 ያለው ግን 16.8 ብቻ ነው። ይህኛው ለጌም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና 1060 እውነተኛ ቢሆኑም፣ ኤንቪዲያ ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣላቸውን ድራይቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላቆመ በዋጋው ላይ ጠንክራችሁ ተከራከሩ። 1650 ይህ አልደረሰበትም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ካርድ ያስፈልጋችኋል ወይ? ካርድ ያለው ኮምፒውተር ኖሯችሁ ጌሙ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ከባዱ ቦታ ላይ ትንሽ ተጫወቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብራችሁ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ግራፊክስ ካርዱ 95 ከመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ከሆነ ያነሰው እሱ ነው። 50 እና 60 ላይ ተቀምጦ ጌሙ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን አዲስ ካርድ ምንም አይጨምርላችሁም፤ የቸገረው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። ለማረጋገጥ የጌሙን ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍጥነቱ ካልጨመረ ችግሩ ካርዱ አይደለም። የፕሮሰሰሩ ድምር 40 ከመቶ ማሳየቱ እንዳያዘናጋችሁ፤ አንዱ ኮር ሞልቶ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ሊሆን ይችላል።

ራም 8 ጊጋባይት በአንድ ቁራጭ ላይ ካላችሁ፣ ሁለተኛ ተመሳሳይ ቁራጭ መጨመር ለውጡ ይታያል፤ ሁለት መስመር ይከፈታልና። ዲዲአር 3 የሚወስድ ማዘርቦርድ ዲዲአር 4 አይገባበትም። ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ አምራቾች ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ፊታቸውን ስላዞሩ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል፤ ያላችሁን በርካሽ አትሽጡ። ኤስኤስዲ ኮምፒውተሩን ቶሎ ያስነሳል፣ ጌሙን ቶሎ ይከፍታል፤ የጨዋታውን ፍሬም ግን አይጨምርም። የሚያብረቀርቁ ፋኖችና መብራቶች ላይ የሚወጣ ገንዘብ ለፓወር ሰፕላዩ ይዋል።

የፕሮሰሰሩንም ዕድሜ እዩ። ኮር አይ 5-3470 ሲል ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 3 ጄኔሬሽኑ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በአመዛኙ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው። ባትልፊልድ 6 ሴኪዩር ቡት ካልበራ አይከፈትም፤ ቫሎራንትም በዊንዶውስ 11 ላይ ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም 2.0 ይጠይቃል። ልጃችሁ የሚፈልገው እነዚህን ከሆነ 3ኛ ጄኔሬሽን ላይ ካርድ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያንኑ ብር ቆጥባችሁ 8ኛ ጄኔሬሽን ማሽን ግዙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣውን ጂቲኤ 5 እና የቆዩ ፊፋዎችን ብቻ ከሆነ አሮጌው ይበቃል።

በቴሌግራም አይታችሁ የምትገዙ፣ ዕቃውን በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድም ቢሆን አታስተላልፉ። ካርዱ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም ላይ ይሥራ፤ ሻጩ ቸኩሎ ቢያጣድፋችሁም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ደረሰኙ ላይ የካርዱ ሲሪያል ቁጥርና የመመለሻ ጊዜው ይጻፍ፤ በቃል የተሰጠ ጋራንቲ ነገ አይያዝም።

ገዝታችሁ ካስገባችሁ በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ፣ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ከጠፋ ወይም ከኬዙ ጀርባ ብልጭታ ካያችሁ፣ ከግድግዳው ሶኬት ንቀሉት እንጂ ደግማችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ። እሳት ካለ ውኃ አትድፉበት። ኬዙን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ማንም ቤት ውስጥ እንዳይፈታው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።