ተለማማጁ ወጣትና የነጋዴው ድርሻ

ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ሙያውን በሥራ ላይ ሳይፈትን ሙሉ ባለሙያ ሊባል አይችልም። ሻጭ ሚዛንና መዝገብ የሚለምደው በሱቅ ውስጥ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የኮምፒውተር ጠጋኝም ሙያውን የሚጨብጠው ከተበላሸ ዕቃ ፊት ሲቀመጥ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የትብብር ሥልጠና የሚያካሂዱት፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የምህንድስና ተማሪዎቻቸውን ለልምምድ ወደ መሥሪያ ቤት የሚልኩት ስለዚሁ ነው።

በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ልምምዱን ለሚጀምር ወጣት በቆቦና በአካባቢው ሥራ አይታጣም። የራያ ቆላ ትምህርት ቤቶች ከጎብዬና ከሮቢት እስከ ዞብል ተራሮች ተራርቀው ይገኛሉ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜም የብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃ ተዘርፏል፣ ተሰባብሯልም።

ዕቃ መግዛት ብቻውን እንደማይበቃ ያለፈው ዘመን አስተምሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት እንዲሰጥባቸው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ታደሉ። ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው እነዚህ ዕቃዎች በብዙ ስፍራ አቧራ ለብሰው የቀሩት መብራት ስለተቆራረጠና ጠጋኝ በቅርብ ስለታጣ ነው። ዛሬ ደግሞ ጉዳቱ ከዚያ ይከፋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯልና፣ የመተየቢያውን ገበታ ነክቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ ከከተማ ልጅ ጋር እኩል ሊወዳደር አይችልም።

«ነጋዴው ግብሩን ከፍሏል፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። አባባሉ እውነትነት አለው። ሆኖም የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ስለ ሆነ፣ ለተለማማጅ መጓጓዣና ለመለዋወጫ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ደግሞም ጥቅሙ ተመልሶ ለነጋዴው ነው። የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ ሲበላሽ፣ በስልክ የሚፈጸመው ክፍያ አልሠራ ሲል፣ ጠጋኝ ፍለጋ ወልድያ ወይም ደሴ ድረስ የሚሄድ ባለሱቅ የቀን ገበያውን ያጣል። ዛሬ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነገ የገበያው ጠጋኝ ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ ኮምፒውተር አስመጪዎች መለዋወጫ ይስጡ፤ ነገር ግን ለመጣል የተቃረበውን አሮጌ ዕቃ ስጦታ ብለው አይላኩ። ሁለተኛ፣ የከተማው ባለሱቆች ተባብረው የተለማማጁን ማደሪያና የመኪና ኪራይ ይቻሉ። ሦስተኛ፣ የንግድ ምክር ቤት ከጽሕፈት ቤቱ ጋር የጽሑፍ ውል ይዋዋል፤ የተሰጠው ዕቃ በመዝገብ ይስፈር፣ የተጠገነውም በየወሩ ይቈጠር። ወጣቱ ሻይ አምጪና ወረቀት አባዥ ሆኖ ጊዜው እንዳያልፍ፣ ከጎኑ ሆኖ የሚያሠራው ባለሙያ ስሙ በውሉ ይጠቀስ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ለአንድ ጽሕፈት ቤት የከበደው ወጪ በገበያው ሰው ሁሉ ቢከፋፈል ለማንም ሸክም አይሆንም።