የገዛነው መሣሪያ የማን ነው?

ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ሆና፣ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚገባው መንገድም ከእሷ ይነሣል። እንዲህ ባሉ ከተሞች ሙዚቃ የሚጓዘው ከኪስ ወደ ኪስ፣ በሚሞሪ ካርድ ነው። በአንዱ ስልክ ላይ የተጫነ ዘፈን በሌላው ስልክም፣ በሚኒባሱ ቴፕም ይሰማል። ይህን ያስቻለው በዋናነት ኤምፒ3 የተባለው የድምፅ መጭመቂያ ስልት ነው።

ኤምፒ3 ባለቤት አልባ ሆኖ አልተወለደም። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም የፓተንት ፈቃድ ክፍያ ሲሰበስብበት ኖሮ ፕሮግራሙን የዘጋው በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነው። ሆኖም የከፈለ አምራች ሁሉ ማጫወቻ ይሠራ ስለነበር አንዱ ቢከስር ሌላው ይተካዋል።

ተቃራኒውን ያየነው በወርልድስፔስ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ኖህ ሳማራ ያቋቋመው ይህ የሳተላይት ሬዲዮ ኩባንያ አፍሪስታርን በጥቅምት 1991 ዓ.ም. አመጠቀ። ድምፁ የሚጨመቀው በዚያው በኤምፒ3 ስልት ቢሆንም፣ ስርጭቱን መቀበል የሚችለው ልዩ ቺፕ የተገጠመለት ሬዲዮ ብቻ ነበር። ልክ በአሥር ዓመቱ፣ በጥቅምት 2001 ዓ.ም.፣ ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ኋላም ስርጭቱ ሲቆም፣ ሬዲዮው ሳይበላሽ የተገዛበት ሥራ አበቃ። ባለንብረቱ ለካ ተከራይ ኖሯል!

ውድ አንባቢ፣ ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ዛሬ ዘፈን በአፕሊኬሽን ይሸጣል። ሙዚቀኛው የላቡን ዋጋ ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም ለዚሁ ነው። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 9 ግን ግለሰብ ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። በአፕሊኬሽኑ ውስጥ የተቆለፈ ፋይል ይህን አንቀጽ አያውቅም። ሕግ አውጪው የሰጠውን ፈቃድ ኮድ ጸሐፊው ይነሳል ማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። ኔትወርክ የሚጠብቀው ሙዚቃ ዝም ሲል፣ በሚሞሪ ካርድ ያለው ማንንም ሳያስፈቅድ ይዘፍን ነበር።

እንደ እኔ እምነት መፍትሔው ቀላል ነው። ሻጩ «ገዛህ» ወይስ «ተከራየህ» የሚለውን በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሸጦ ከሆነም፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ቁልፉን ለገዢው እንዲያስረክብ ሕግ ያስገድደው። አለዚያ የከፈልንበት ሁሉ የሰው ወርቅ ነው፤ የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም።