ከሊማሊሞ ግርጌ፣ በሁለት ቋንቋ

ከደባርቅ ጋቢ ተከናንቦ የተነሳ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሶ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ይይዛል። ሽቅብ ያለው የገብስና የድንች አገር ነው፤ ቁልቁል ማሽላ፣ ፍየልና ወበቅ። በገበያ ቀን ፍየል ተራ ጠጋ ብሎ ላዳመጠ ደግሞ ክርክሩ በአማርኛ ተጀምሮ በትግርኛ ሲቋጭ ይሰማል። ገዢው ዋጋውን በአማርኛ ይጠይቃል፤ ሲነገረው ወደ ባልንጀራው ዞር ብሎ «ክቡር እዩ» (ውድ ነው) ይላል፣ ሻጩ የማይሰማ መስሎት። ሻጩም እንደ ዋዛ «ክንደይ ትህብ ደኣ?» (ታዲያ ስንት ትሰጣለህ?) ብሎ ይመልስለታል። በዚህ አገር በሌላ ቋንቋ ሰው ማማት አያዋጣም።

ነገሩ ከመንገዱ የመጣ ነው። ከምጽዋ በአድዋና በሽሬ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሊማሊሞ ጎንደር የሚገባው ጥንታዊ የሲራራ መስመር በዚሁ ቆላ ያልፋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው በዚህ አቅጣጫ ነበር። አሞሌ ጨው በዚህ ወጥቷል፤ ነጋዴው፣ አጋሰስ ነጂው፣ ወደ ዋልድባ የሚሄደው መናኝ ሁሉ ተመላልሶበታል። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ገደሉን ፈልፍሎ የመኪና መንገድ ሲያወጣ ግመሉና በቅሎው በካሚዮን ተተካ እንጂ ተጓዡ ያው ነበር።

ስለ ተከዜ ሲነሳ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን መዝለል አይቻልም። የሰሜን ተወላጁ ውቤ ከሃያ ዓመት በላይ ትግራይን ጭምር ገዝቷል፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ እስኪሸነፍ ድረስ ሠራዊቱም ግብሩም ወንዙን ወዲህና ወዲያ ሲሻገር ኖሯል። ካሣ ያኔ ውቤ ለራሱ ባሰናዳው ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የውቤ ጭፍራ በየትኛው ቋንቋ ይሸልል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ በሁለቱም ነው ብዬ እገምታለሁ።

ጣጣው የመጣው ቋንቋ የወሰን መለኪያ ሲሆን ነው። በ1984 ዓ.ም. ክልሎች ሲዋቀሩ በዚሁ መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች ማይ ጸብሪ ወደ ትግራይ፣ አዲ አርቃይና ዛሪማ ወደ አማራ ተደለደሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 አሰፋፈርን፣ ቋንቋን፣ ማንነትንና ፈቃድን የክልል መሠረት አደረገ። ወሰኑ የማን ነው የሚለውን ሙግት እዚህ አላነሳም፤ ለሱ ሌላ መድረክ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱንም ቋንቋ ከእናቱ ጓዳ የተማረው ሰው ነው። ማንነቱን የሚጠይቀው ቅጽ አንድ ብቻ እንዲመርጥ ያዝዘዋል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ያ ምርጫ ሕይወት የሚያሳጣ ሆነ። አዲ አርቃይ ላይ ጦር ተፈራረቀ፤ ሕዝቡ ወደ ደባርቅና ዳባት ተሰደደ። ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ ካምፖች የወጡ ትግርኛ ተናጋሪ ኤርትራውያን ስደተኞችም ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ሰፈሩ። በዚህ ሁሉ መሀል የንግግር ዘዬ የጥርጣሬ ምልክት ሆነ። አባቶቹ እንጀራ የበሉበትን ችሎታ ልጅ እንዲደብቀው ያደረግን እኛ ነን።

ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት አገር ተናጋሪዎቹን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለማየት ራቅ እንበል። በባልቲክ ዳርቻ፣ ኢስቶኒያ ውስጥ፣ ኖአሮትሲ የሚባል አካባቢ አለ። ስዊድንኛና ኢስቶንኛ ተናጋሪ ገበሬዎችና አሳ አጥማጆች ለመቶዎች ዓመታት አብረው ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1943 እና 1944፣ የሶቪየት ጦር ሲቃረብ፣ ከኢስቶኒያ ስዊድናውያን 7 ሺህ ያህሉ ባሕሩን ተሻግረው ስዊድን ገቡ፤ መንደሮቹ ከስዊድንኛ ተናጋሪዎቻቸው አብዛኞቹን አጡ። ዛሬ የመንደር ስም በሁለቱም ቋንቋ ተጽፎ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የተከፈተው የኖአሮትሲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስዊድንኛ ያስተምራል። ጥሩ ነው፤ ግን ቋንቋውን የሚናገሩት ሰዎች ከሄዱ በኋላ የመጣ ጥሩ ነገር ነው።

ዛሪማ ገና ሰዎቿ አሏት። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከአፍንጫዋ ሥር ነው፤ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ሊማሊሞን ቢያወርዳቸው ወጪው የነዳጅ ያህል ነው። ሲራራውን ያስታውሱ የነበሩት አልፈዋል። የካሚዮኑን ዘመን የሚያውቁት አዛውንት ግን አሉ፤ በመረጡት ቋንቋ፣ ቢፈልጉ በሁለቱም፣ ያውጉና ይቀረጽ። ዘንድሮ ይጀመር።