የመኪናው ካሜራ የማን ምስክር ነው?

ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ካልተቻለ ሕጋችን ኪሳራውን ለሁለት ይከፍለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2084 ሁለቱም መኪኖች ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምትና እያንዳንዱን ባለቤት የጠቅላላ ጉዳቱን ግማሽ ያሸክመዋል። ግምቱ ውድቅ የሚሆነው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ሕግ አውጪው ተሳስቷል ለማለት አይቻልም። በዓይኑ ያላየውን ነገር ሁለት ሰዎች ምለው ተገዝተው ተቃራኒውን ሲነግሩት ዳኛው ከማካፈል ሌላ ምን ያድርግ? በዚያ ዘመን መልስ ያልነበረው ይህ ጥያቄ ዛሬ የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የሚተልቅ መልስ አግኝቷል። ዳሽካም የሚባለው የመኪና ካሜራ በከተሞቻችን መኪኖች ላይ እየታየ ነው፤ መብዛቱም መልካም ነው። ቅሬታዬ በሚሸጥበት መንፈስ ላይ ነው። ሻጩም ገዢውም ባለመኪናውን ከክስ የሚያድን ጋሻ አድርገው ያስቡታል። እኔ ግን ካሜራው ለሀገር የሚጠቅመው ለባለቤቱም፣ በባለቤቱ ላይም፣ ለማያውቀው መንገደኛም እኩል የሚናገር ምስክር ሲሆን ነው እላለሁ።

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ግጭት ሲደርስ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። መኪኖቹ ከተጋጩበት ንቅንቅ አይሉም፤ ቀድሞ ያነሳ ማስረጃ አጠፋ እንዳይባል ይፈራል። ከኋላ የተሰለፈው ጥሩምባ ይነፋል፣ ሚኒባሱ በእግረኛ መንገድ ሾልኮ ለማለፍ ይታገላል፣ ሁለቱ ሾፌሮች ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በየፊናቸው ዘመድ ይጠራሉ። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ሜትር ዘርግቶ ፕላን ያነሳል። ፕላኑ የሚያሳየው ግን መኪኖቹ የቆሙበትን ነው። ከግጭቱ ሦስት ሰከንድ በፊት ማን ፍሬቻ እንዳላሳየ፣ ማን መብራት እንደጣሰ፣ ማን ረድፉን እንደለቀቀ የጎማ አሻራና የተሰበረ ፓራውልት ሁልጊዜ አይናገሩም። የጎደለውን መሙላት ያለበት ምስክር ነው። ያየው ሰው ደግሞ ሥራ አለበት፤ «ፍርድ ቤት ስመላለስ ልከርም ነው?» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የሚቀረው ብዙውን ጊዜ የአንደኛው ወገን ተሳፋሪ ወይም ረዳት ነው፤ እሱ የማን ወገን እንደሚሆን ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም።

ይህ ችግር የኛ ብቻ እንዳልሆነ በጀርመን የታየ አንድ ክርክር ያሳያል። በማግደቡርግ ከተማ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ረድፎች ወደ ግራ ሲታጠፉ ተላተሙ። ሁለቱም ረድፉን የለቀቀው ሌላው ነው አሉ። የሥር ፍርድ ቤት ለከሳሹ የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ፈረደለት፤ በኛ 2084 ቢዳኝም ውጤቱ ከዚህ አይርቅም ነበር። ከሳሹ መኪናው ላይ ካሜራ ነበረው፣ ነገር ግን ቀረጻው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግን ይጥሳል ተብሎ አልታየለትም። ጉዳዩ ከሀገሪቱ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ችሎት ደረሰና ግንቦት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ውሳኔ ተሰጠ። ችሎቱ መንገዱን ያለማቋረጥ መቅረጽ ሕግ መጣስ መሆኑን አጸና፤ ቀረጻው ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ከማስረጃነት አይወገድም አለ። ነገሩ የሆነው በአደባባይ ነው፣ የተጋጩ ሾፌሮች ማንነታቸውንና መድናቸውን ለመግለጽ ቀድሞውንም ይገደዳሉ፣ በትራፊክ ክርክር ደግሞ የማስረጃ ችግር ብርቱ ነው ሲል ምክንያቱን ዘረዘረ። ካሜራ አጭር አጭሩን እየቀረጸ እየደመሰሰ፣ ግጭት ሲሰማው ብቻ እንዲያስቀምጥ ማድረግ እንደሚቻልም አመለከተ። እኔ ከዚህ ውሳኔ የምወስደው ሁለት ጥያቄዎችን መለየቱን ነው፤ ምን ያህል መቅረጽ ይፈቀዳል የሚለው አንድ ነገር፣ የተቀረጸው እውነቱን ለማውጣት ይረዳል ወይ የሚለው ሌላ ነገር። የሩሲያው መንገድ ግን አይማርከኝም። እዚያ ካሜራው የተስፋፋው ሰዉ በትራፊክ ፖሊስ ላይ እምነት ስላጣና ሆን ብሎ ተገጭቶ ካሳ የሚጠይቀው ስለበዛ ነው። በየካቲት 2005 ዓ.ም. በቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳውን የሰማይ ድንጋይ ዓለም በብዛት ያየው ከመኪና ካሜራዎች መሆኑ ካሜራው እዚያ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ይናገራል፤ መነሻው ግን አለመተማመን ነበር።

ወደኛ ስንመለስ ጉዳዩ ከፓራውልት ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ለአንድ ዓመት ያስመዘገበችው የመንገድ አደጋ ሞት ከ4 ሺህ ጥቂት ከፍ የሚል ሲሆን፣ የድርጅቱ የራሱ ግምት ግን 27 ሺህ ገደማ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ስንቱ አደጋ ሳይመዘገብ፣ ማን እንዳደረሰውም ሳይታወቅ እንደሚያልፍ ይጠቁማል። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ለቀልድ ብቻ አይደለም። በከተማ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው፤ እግረኛ ካሜራ የሚለጥፍበት መስታወት የለውም። ይሁን እንጂ ለእሱ የሚያስፈልገው ማስረጃ ዓይነቱ ይለያል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ስለሚያደርገው፣ የተገጨው ሰው የሾፌሩን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ችግሩ ገጭቶ ሲያመልጠው ነው። ያኔ የሚከሰስ ባለቤት የለም፤ የሚቀረው ለተጎጂው ካሳ የሚከፍለው የመድን ፈንድ ነው፣ ለዚህ የወጣው የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። የአምስት ልጆች አባት ሲሞት 40 ሺህ ብር ስንት ወር እንደሚያቆይ አንባቢ ያስላው። ለዚህ ቤተሰብ የሚበጀው ካሜራ ያለው ከኋላ ይመጣ የነበረ፣ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው መኪና ላይ ነው። ሰሌዳውን የያዘው እሱ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ «ነገ ራሴን የሚያስከስሰኝን ዕቃ በገንዘቤ ለምን እገዛለሁ?» የሚል ነው። ቀላል ጥያቄ አይደለም። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሾፌርን ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል፣ ደንብ መጣሱ ሲታከልበት ቅጣቱ ይብሳል። ሕገ መንግሥቱም የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ይደነግጋል። ይህን መብት ማክበር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መብቱ የሚጠብቀው የሰውየውን አንደበት ነው ብዬ አምናለሁ። አስፋልት ላይ የቀረው የፍሬን አሻራ የሾፌሩ ቃል አይደለም፣ ካርዱ ላይ የቀረው ምስልም እንዲሁ። ደግሞም ተጠንቅቆ የሚነዳው ሾፌር ከሚያጣው የሚያገኘው ይበልጣል። ከቆመ አውቶቡስ ፊት ድንገት የወጣ ሰው ሲገጭ፣ የተጎጂው ጥፋት የባለቤቱን ኃላፊነት በሙሉ ወይም በከፊል እንዲያነሳለት ሕጉ በቁጥር 2086 ይፈቅዳል፤ ይህን የሚያስረዳለት ግን የራሱ ቃል ብቻ ከሆነ ማን ያምነዋል? ከሁሉ በላይ፣ ባለቤቱ ሲጠቅመው የሚያወጣው ሲጎዳው የሚደብቀው ቀረጻ ውሎ አድሮ በማንም ዳኛ ፊት ክብደት አይኖረውም። ስለዚህ የአካል ጉዳት ወይም ሞት ባደረሰ አደጋ ሙሉው ቀረጻ ለፖሊስ በፊርማ የሚሰጥበት፣ ግልባጩም በባለቤቱ እጅ የሚቀርበት ሥርዓት ቢኖር የሚጎዳው ጥፋተኛው ብቻ ነው። ቀረጻ ይቀነባበራል የሚሉም አሉ። ይቀነባበራል፤ ለዚህም ነው የተቆረጠ ቪዲዮ በቴሌግራም ከመላክ ይልቅ ካርዱ እንዳለ መቅረብ ያለበት።

የግላዊነት ስጋት ሌላው ነው፣ እሱም በከፊል ትክክል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ወደ ውጭ የሚያይ ካሜራ ማንም በዓይኑ የሚያየውን አደባባይ ነው የሚያየው፤ በዚህ ብዙ አልጨነቅም። የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። አስፋልት ላይ የወደቀች ሴት፣ ነጠላዋ ከራሷ የተገፈፈ፣ ፊቷ ሳይሸፈን፣ ቤተሰቧ መርዶ ሳይሰማ ቲክቶክ ላይ ስትዞር ማየት ምስክርነት አይባልም። የሟች ምስል ማሰራጨት በግልጽ ሊከለከልና ሊያስቀጣ ይገባል። ወደ ውስጥ የሚያይና ድምፅ የሚቀዳ ካሜራ ደግሞ ጭራሽ የተለየ ነገር ነው። ብዙ ወገኖቻችን ታክሲና ኡበር በሚነዱበት የአሜሪካዋ ሜሪላንድ የሰውን የግል ንግግር ሁሉም ተነጋጋሪዎች ሳይስማሙ መቅዳት በሕግ ያስጠይቃል። የኛ የጥሪ ታክሲ ተሳፋሪ ግን በስልክ የቤቱን ምስጢር ሲያወራ ክሩስኮቱ ላይ ያለው ዕቃ እየሰማው እንደሆነ የሚነግረው የለም። ድምፁ ይዘጋ፣ ወደ ውስጥ የሚቀርጽም በሩ ላይ በጽሑፍ ያሳውቅ። ካሜራ ያለው መኪና በመሥሪያ ቤት በር ሲያልፍ ጥበቃው እንደ ስሜቱ የሚያስቆመው ወይም የሚያሳልፈውም ግልጽ መመሪያ ስለሌለ ነው።

ምስክሩ እንዲታመን አገጣጠሙም ወሳኝ ነው። ካሜራው የሾፌሩን እይታ በማይጋርድበት፣ ከመሃሉ ስፖኪዮ ጀርባ፣ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት የመስታወት ክፍል ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ገመዱም በጣሪያው ልባስ ሥር ሲወርድ የኤርባጉን መንገድ እንዳይዘጋ ያስፈልጋል። እንደ ሰመራና ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ፀሐይ ላይ ለሚቆም መኪና በሊቲየም ባትሪ ከሚሠራው ይልቅ ካፓሲተር ያለው ይሻላል። መኪናው ቆሞም እንዲቀርጽ የፈለገ ሰው የባትሪው ኃይል ሲወርድ የሚያቋርጥ መሣሪያ ካላስገጠመ ጠዋት መኪናውን የሚያስነሳው በግፊት ነው። እነዚህን ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሺያን ያውቃቸዋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሰዓቱን ነው። የፖሊስ መዝገብ «ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10» ሲል ካሜራው «13/10/2024፣ 08:10» ይላል። ይህ በቀላሉ ይታረቃል። ከፋብሪካ እንደመጣ የተተወ፣ ከዓመታት በፊት ያለ ቀን የሚያሳይ ካሜራ ግን ተከራካሪ ጠበቃ እስኪበቃው የሚጫወትበት ቀዳዳ ይከፍታል።

ወጪውን በተመለከተ ተራው ካሜራ ከመካከለኛ ስልክ ያነሰ ዋጋ ነው ያለው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ጋራዥ የገባ ሁሉ ያውቃል። ያም ሆኖ ለላዳና ለባጃጅ ባለቤት ይህም ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ግዴታው ከእነሱ መጀመር የለበትም። መጀመር ያለበት ብዙ ሰው ከሚያሳፍሩትና ብዙ ጉዳት ከሚያደርሱት፣ ከሀገር አቋራጭ አውቶቡሶችና ከከባድ መኪኖች ነው፤ ባለቤቶቻቸውም አቅሙ አላቸው። ለቀረው ሰው ግዴታ ሳይሆን ማበረታቻ ይበቃል፣ እሱም በመድን ድርጅቶች እጅ ነው። ካሜራ ላለው መኪና አረቦን ቢቀንሱ፣ በውላቸውም አደጋ ሲደርስ ቀረጻውን ማቅረብ ግዴታ ነው የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ፣ የግማሽ በግማሽ ክርክር ሲቀንስ የሚቆጥቡት ገንዘብ የሰጡትን ቅናሽ ይመልስላቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ትራፊክ ፖሊስም ፕላን ሲያነሳ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ «በአካባቢው ካሜራ ያለው መኪና ነበር ወይ?» የሚለውን ይጨምር።

ካሜራ ላለው አንባቢ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። የሌላ ሰው አደጋ፣ በተለይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ካዩ፣ ያኔውኑ ካርዱን አውጥተው ያስቀምጡ፣ ለፖሊስም ያሳውቁ። ካሜራው የራሱ መኪና ካልተመታ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን በራሱ አይቆልፍም። ተራው ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ስምንት ሰዓት ገደማ ከቀረጸ በኋላ ከመጀመሪያው እየደመሰሰ ይቀጥላል፤ ከንጋት ጀምሮ በሚሠራ ታክሲ ላይ የጠዋቱ ሰሌዳ ማታ አይገኝም።