ስንቅ ይቅደም፣ ትጥቅ ይከተል!

የአሜሪካኖች ነገር አንዳንዴ ግራ ያጋባል። ሰውዬው ለሦስትና ለአራት ቀን ጫካ ለጫካ በእግሩ ሊጓዝ ይነሳል። ጭነት እንዳይበዛበት ሲል የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ቆርጦ ይጥላል። የድንኳኑን ካስማ በግራም ይመዝናል። ቅያሪ ሱሪውን «ይከብደኛል» ብሎ ቤቱ ትቶት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ካቀለለ በኋላ ግን ምን ቢጨምር ጥሩ ነው? ጠመንጃ!

«እንዴ፣ ጠመንጃ ከሱሪ አይከብድም ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ጠመንጃውንም እንደ ብሩሹ አቅልሎታል። ክፍሎቹን ከየሱቁ ለቃቅሞ፣ ከባዱን ብረት በአሉሚኒየምና በካርቦን ፋይበር ተክቶ፣ ጋራዡ ውስጥ ገጣጥሞ ቦርሳ የሚገባ አድርጎታል። ይሄ በዚያ አገር ራሱን የቻለ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ጥቂት ግራም ለመቀነስ ሲባል ብዙ ዶላር ይወጣበታል።

ውድ አንባቢያን፣ «የፈረንጅ ቅብጠት እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። ለመሆኑ ከመካከላችን አሜሪካ ዘመድ የሌለው ስንቱ ነው? ትናንት በዲቪና በስደት የሄዱት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ዛሬ ልጅ አሳድገዋል። ልጆቹ ኮሎራዶ ተራራ ይወጣሉ፣ ሚኔሶታ ሐይቅ ዳር ድንኳን ይተክላሉ። ጓደኞቻቸው የያዙትን መያዝ ቢያምራቸው አይፈረድባቸውም። አባትና እናት ግን ነገሩን ሳያውቁ ዝም ማለት የለባቸውም። የእኔ አቋም አጭር ነው። ቀላል ጠመንጃ መሥራት ጥበብ ነው፤ በእግር ተጓዥ ቦርሳ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ምክንያቴን ላስረዳ። (ዘመኖቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ብረቱ እንዴት ቀለለ?

ነገሩ የሚጀምረው ከጥይቷ ነው። «ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል» ትባላለች፤ ከ1887 ጀምሮ ያለች አሮጊት ናት። ዓይነቷ «ሪምፋየር» ይባላል። በትልልቆቹ ጥይቶች መርፌው የሚመታው የቀለሁን ቂጥ መሐሉን ነው። በዚህችኛዋ ግን ጠርዙን ነው፤ እሳቱን የሚያስነሳው ቅመም እዚያው ጠርዙ ውስጥ ተቀብሯል። አንዷ ጥይት አራት ግራም እንኳ አትሞላም፤ ሃምሳው ተደምሮ ሁለት መቶ ግራም አይደርስም። ስትተኮስ የምትፈጥረው ግፊትም ዛሬ ወታደር ከሚይዘው ጥይት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነው። ግፊቱ ይህን ያህል ካነሰ ወፍራም ብረት ምን ያደርጋል? ስለዚህ የጠመንጃው አካል አሉሚኒየም፣ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ አፈሙዙም ከውስጥ ስስ የብረት ቱቦ፣ ከውጭ የካርቦን ፋይበር ልባስ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሥራ ብዙዎች የሚመርጡት ሩገር የተባለው ኩባንያ በ1964 ያወጣውን «10/22» ነው። የተለመደው ዓይነት 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው በሁለት ብሎን ስለሆነ ባለሙያ ያልሆነ ሰው እቤቱ ይቀይረዋል። ኩባንያው ራሱም በ2012 ለሁለት ተከፍሎ ቦርሳ የሚገባ ዓይነት አውጥቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ «ኤአር-7» ነበረ። ኤም-16ን የወለደው ንድፍ ባለቤት ዩጂን ስቶነር አርማላይት ኩባንያ ሳለ የነደፈውና በ1959 ብቅ ያለ ጠመንጃ ነው። መነሻ ሐሳቡ የመጣው የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኑ ለወደቀበት አብራሪ የሚሆን ጠመንጃ በመፈለጉ ነው። ኤአር-7 ተፈታትቶ የገዛ ሰደፉ ውስጥ ይገባል። ዛሬ የሚመረተው 1.6 ኪሎ ያህል ነው። ሠሪውን እጁን ይባርከው ከማለት በቀር ምን ይባላል?

ግን ልብ በሉ! ሐሳቡ የተጠነሰሰው ሳይፈልግ ከሰማይ ጫካ ላይ ለወደቀ ሰው ነው። ወዶና ፈቅዶ፣ ቀን ቆርጦ፣ ስንቁን ቋጥሮ ለሚሄድ ሰው አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እናስላ

«እጅግ ቀላል» የሚባለው የእግር ጉዞ ወግ አለው። ከምግብ፣ ከውሃና ከማብሰያ ነዳጅ በቀር ቦርሳው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ ከ4.5 ኪሎ መብለጥ የለበትም ይላሉ። ድንኳኑም፣ የመኝታ ልብሱም፣ የዝናብ ካፖርቱም እዚያው ውስጥ ነው። እንግዲህ ኤአር-7ን ብንጨምርበት ከሲሦው በላይ ጠመንጃ ሆነ ማለት ነው። 10/22 ከሆነ ደግሞ ግማሹ! ታዲያ የብሩሹ እጀታ ምን በደለ?

በዚያው አገር ኤማ ጌትዉድ የሚባሉ የአሥራ አንድ ልጆች እናት ነበሩ። በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከ3,200 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአፓላችያን የእግር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻቸውን ተጓዙት። በትከሻቸው እቤት የተሰፋ የጨርቅ ከረጢት፣ በእግራቸው ሸራ ጫማ፣ ለዝናብ የገላ መታጠቢያ ቤት መጋረጃ፤ በቃ! ቅለት ማለት እንዲህ ነው። የማያስፈልገውን መተው እንጂ የማያስፈልገውን በውድ ዋጋ ማቅለል አይደለም።

«ምናልባት ብራብ አድኜ እበላለሁ» የሚል አለ። መልካም፤ በየት በኩል? በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ እንደየክፍለ ግዛቱ ሕግ ጠመንጃ ይዞ መግባት ከ2010 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ መተኮስ ግን በአብዛኛው ክልክል ነው። ከፓርክ ውጭም አደን ፈቃድና ወቅት አለው። «ለድብ መከላከያ ነው» የሚለው ደግሞ ይባስ! ይህቺ ለጥንቸልና ለወፍ የምትሆን ጥይት ናት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን።

የአላስካው ወጣት

በሚያዝያ 1992 ክሪስቶፈር ማካንድለስ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ብቻውን አላስካ ጫካ ገባ። ጆን ክራካወር የተባለው ጋዜጠኛ ታሪኩን በ1996 በመጽሐፍ አውጥቶታል፤ በ2007 ደግሞ ፊልም ሆኗል። ወጣቱ የያዘው «ናይለን 66» የሚባለውን የሬሚንግተን ጠመንጃ ነበር። ሰደፉ ፕላስቲክ፣ ጥይቱ ያቺው ሃያ ሁለት፤ በቅለቱ የአላስካ አዳኞች የሚወዱት ዓይነት። አራት መቶ ጥይት ይዟል። ስንቁስ? 4.5 ኪሎ ሩዝ!

እውነቱን ለመናገር ጠመንጃው አልከዳውም። ወፍም፣ ጃርትም፣ ትንንሽ አራዊትም እያደነ ሳምንታት ኖሮበታል። በሰኔ ወር «ሙስ» የሚባለውን ፈረስ የሚያህል አጋዘን እንኳ ጥሎበታል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ሥጋ እንዴት አድርጎ ሳይበላሽ እንደሚያቆይ በቅጡ አያውቅም ነበርና በጭስ ሊያደርቀው ሲታገል ትል ወረሰው። ባልገደልኩት ኖሮ ብሎ መጸጸቱን ማስታወሻው ላይ ጽፏል። እንግዲህ ጥይት አልጎደለውም፤ የጎደለው ማንኛዋም የእኛ አገር ባልቴት የምታውቀው ቋንጣ የማድረግ ሙያ ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ ወደ ሰው አገር ሊመለስ ተነሳ። ሲገባ በቀላሉ የተሻገረው የተክላኒካ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ወንዙን በሽቦ ገመድ የሚያሻግር የብረት ቅርጫት ነበር። ያንን የሚያሳይ ዝርዝር ካርታ ግን አልያዘም። ተመለሰ። መጠለያው ባደረገው አሮጌ አውቶብስ ውስጥ ሞቶ በመስከረም ሲገኝ ሬሳው ሠላሳ ኪሎ ገደማ ነበር። የሞቱ መነሻ የበላው ፍሬ ነው ወይስ ረሃብ ብቻ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። መክሳቱ ግን አያከራክርም። አውቶብሱን ለማየት ሲሄዱ ሌሎች ሰዎችም ስለሞቱ መንግሥት በ2020 በሄሊኮፕተር አንስቶ ወስዶታል።

አንድ ካርታ ስንት ግራም ይመዝናል?

ቀላል ጠመንጃ ሁሉም ያነሳዋል

ወደ ቤታችን እንምጣ። በሚያዝያ 2013 ኬንታኪ ውስጥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ የሁለት ዓመት እህቱን ተኩሶ ገደለ። ጠመንጃው «ክሪኬት» የሚባል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል የማይበልጥ፣ ለልጅ ክንድ ተመጥኖ የተሠራ ነበር። በስጦታ የተሰጠው የዚያኑ ልጅ ነው! ቤቱ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ውስጡ ጥይት መቅረቱን ቤተሰቡ አላወቀም።

ጠመንጃ በአገራችን ቤት ከባድ ዕቃ ነበር። ኪሎውም ይከብዳል፣ ማዕረጉም ይከብዳል። ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ የሚያወርደው ባለቤቱ ነው። አደጋ አልነበረም ለማለት አይደለም። ግን ሕፃን ልጅ ምንሽር አንስቶ ማነጣጠር ከየት ይችላል? ክብደቱ ራሱ ግማሽ ቁልፍ ነበር። ብረቱን ያቀለለ ሰው ያንን ግማሽ ቁልፍ አብሮ ጥሎታል። ስለዚህ እውነተኛ ቁልፍ መግዛት አለበት፤ ጠመንጃው በሣጥን፣ ጥይቱ ለብቻው። «ትንሽ ናት» ብሎ መናቅም አይገባም። የዚህች ጥይት ፓኮ ላይ እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ድረስ አደገኛ መሆኗ ይጻፋል።

ሕጉንስ ማን ያውቃል?

በአሜሪካ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ጠመንጃ ብሎ የሚቆጥረው «ሪሲቨር» የሚባለውን ዋናውን አካል ነው። አፈሙዙንና ሰደፉን እንደ ማንኛውም ዕቃ በፖስታ ማስመጣት ይቻላል። ሰው ለራሱ መጠቀሚያ ጠመንጃ ቢሠራም የፌዴራሉ ሕግ በአጠቃላይ አይከለክለውም። እዚህ ላይ ግን ብዙ እግር ይሰናከላል። ግራም ለመቀነስ ብሎ የጠመንጃውን አፈሙዝ ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40.6 ሳንቲ ሜትር በታች ያሳጠረ ሰው አስቀድሞ ካላስመዘገበ ከባድ ወንጀል ሠርቷል። እንደ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ያሉ ክፍለ ግዛቶች እቤት የተሠራ መሣሪያ ያለ መለያ ቁጥር እንዳይኖር ይከለክላሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2025 ተገጣጣሚ ኪቶችን እንደ መሣሪያ የሚቆጥረውን የ2022 ደንብ አጽንቷል።

ለእኛ ሰዎች ደግሞ ከዚህም የከፋ አለ። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ የተለየ ምክንያት ከሌለው በቀር፣ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ግሪን ካርድ ያለው መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን በጦር መሣሪያ ጥፋት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ስንት ዓመት ታክሲ ተነድቶ፣ ስንት ሌሊት ታድሮ የተገኘ ወረቀት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብረት ሲጠፋ አይታያችሁም? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ጠመንጃ ሁሉ ይጣል አላልኩም። አላስካ በረዶ ላይ በትንሽ አውሮፕላን ለሚመላለስ አብራሪ፣ አደን እንጀራው ለሆነ ሰው፣ ቀላል ጠመንጃ የሥራ ዕቃ ነው። ጋራዡ ውስጥ ብረት መፍታትና መግጠም የሚወድም ሕጉን ጠብቆ ይሥራ፤ በተኩስ ሜዳ ይሞክረው፤ ሲመለስ ይቆልፍበት። ተራራ ለሚወጣው ልጅ ግን በዚያ አንድ ኪሎ ተኩል ምትክ ካርታና ኮምፓስ፣ የቁስል ማሰሪያ፣ አንድ ኪሎም ተጨማሪ ምግብ ይያዝለት። ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስም ለሰው ነግሮ ይውጣ፤ ይሄኛው ምንም አይመዝንም።

አባቶቻችን ዘመቻ ሲወጡ እንኳ አነጋገራቸው «ስንቅና ትጥቅ» ነበር። ማንኛው እንደሚቀድም ቋንቋችን ራሱ ያውቀዋል። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ለልጆቻችሁ ተርጉሙላቸው።

ቸር ወሬ ያሰማን!