«ይችላል» ስንት ኪሎ ነው?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ የጫነ አይሱዙ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በሚሌና በባቲ በኩል ከቆላው የመጣው ደግሞ ዳገቱን የሚጀምረው ገና ከታች ግሎ ነው። ጋስኬት ቢያቃጥል፣ ሞተር ቢነክስ አይገርምም። የሁለቱ ከተሞች የሰፈር ጋራዦች እንጀራም ይኸው ነው፤ አንዳንዱ የሚሠራው እዚያው መኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው።

በእንዲህ ያለ ግቢ ሞተር የሚወርደው በፓራንኮ ነው። ፓራንኮው ላይ 1 ቶን ወይም 2 ቶን የሚል ጽሑፍ አለ። ፓራንኮው የተንጠለጠለበት ብረት ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ባለጋራዡ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ይችላል!»

ስንት?

60 በ60 የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ በ3 ሜትር ክፍተት ላይ ተጋድሟል እንበል። 150 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና ሞተር መሀሉ ላይ ቢንጠለጠል ይሸከማል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ መሸከም ነው። ዓመት ሙሉ የቪትዝና የኮሮላ ሞተር ያነሳ ብረት እምነት ያተርፋል። አንድ ቀን አይሱዙ ይመጣል፤ ሞተሩ ከ300 ኪሎ አያንስም። በዚያ ክብደት ያ ቱቦላሬ ጎብጦ የማይመለስበት ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ሰንሰለቱ ሲነጥር የሚጨመረው ኃይል ገና አልተቆጠረም። ከሞተሩ ሥር እጁን አስገብቶ ብሎን የሚፈታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ረዳቱ ልጅ ነው።

500 ኪሎ ለማንሳት፣ ንጥረቱ ታስቦ ጭነቱ በእጥፍ ቢሰላ፣ በዚያው 3 ሜትር ላይ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደበኛ አይ ቢም ይበቃል፤ ቆሞ ከተቀመጠና ጫፎቹ እንዳይገለበጡ ከታሰሩ። ቢሙ 31 ኪሎ፣ ቱቦላሬው 11 ኪሎ ነው። ለሦስት እጥፍ ብረት ስድስት እጥፍ ጉልበት ይገኛል ማለት ነው። ምሥጢሩ ቁመቱ ነው፤ ብረት በጎኑ ተኝቶ የሚለግመውን ቆሞ ይሸከመዋል። ክፍተቱን ማስፋትም ቀልድ አይደለም። 3 ሜትሩ 6 ሲሆን የመሀሉ መርገብ ስምንት እጥፍ ይሆናል።

«ብር ከየት ይምጣ?» ይባላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ብረት ዋጋው አይቀመስም። ግን ልዩነቱ 20 ኪሎ ብረት ነው። ከዚህ ሸሽቶ የአሮጌ መኪና ሻንሲ የሚያጋድምም አለ፤ ሻንሲ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፣ ብየዳውም እንደ ተራ ብረት አይደለም። ከሁሉ የከፋው ፓራንኮን በጣሪያው ማገር ላይ ማሰር ነው፤ ማገር የተሠራው ለቆርቆሮ ነው። ጥሩ ቢም ገዝቶ ጫፉን ባዶ ብሎኬት ላይ ማሳረፍም ያው ነው። ጭነቱ በብረት ቋሚ በኩል መሬት ውስጥ እስካለው ኮንክሪት መውረድ አለበት።

ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነት የአሠሪው ግዴታ አድርጓል፤ ነገር ግን የትኛው ብረት ስንት እንደሚችል ለባለጋራዡ የነገረው ማን ነው? በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ለሲቪልና ለሜካኒካል ተማሪዎች የአንድ ከሰዓት ሥራ የሆነ ሰንጠረዥ፣ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ አዘጋጅቶ በየብረት መሸጫው ማስለጠፍ ምን ይከብዳል? ሻጩም ካሊፐር ይኑረው። 2 ሚሊ የተባለው 1.5 ከሆነ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

ከዚያ ወዲያ ባለጋራዡ የሚቀረው ቀለም መግዛት ነው። «500 ኪሎ» ብሎ ቢሙ ላይ በቀይ ይጻፍ። ሲኖትራክ ይዞ የመጣው ሾፌር፣ ሞተሩ 850 ኪሎ ነውና፣ አንብቦ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሂድ።