ከወርቁ ይልቅ የ2019ኙ ድል

የታላቋ ብሪታኒያ የበረዶ ላይ ሆኪ ብሔራዊ ቡድን በተነሳ ቁጥር የሚወራው እ.ኤ.አ. በ1936 ጀርመን ላይ ስለወሰደው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። ከዚያ በፊት 4 ጊዜ በተከታታይ ወርቁን የወሰደችውን ካናዳን 2 ለ 1 ረቱ። ግን እኮ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ብሪታኒያ ይወለዱ እንጂ ሆኪውን የተማሩት እዚያው ካናዳ ነው! በረኛው ጂሚ ፎስተር ግላስጎው ተወልዶ ያደገው ዊኒፔግ ነበር። ካናዳውያኑም ‹‹መልቀቂያ አልያዘም›› ብለው ከስሰው በኋላ ትተውታል።

ሕግ አልተጣሰም። ሆኖም ወርቁ አገር ቤት ተተኪ አላፈራም፤ ከ1948 ወዲህ ቡድኑ ኦሊምፒክን አላየም። በ1994 ከዓለም ኃያላን ምድብ ደርሶ ወዲያው ወረደ፤ ለመመለስ 25 ዓመት ፈጀበት።

የሚያኮራው ይሄ መመለስ ነው። በ2018 ቡዳፔስት ላይ ሰዓቱ ሊያልቅ 15 ሰከንድ ያህል ሲቀረው በገባች የአቻነት ጎል አደጉ። በ2019 ደግሞ በፈረንሳይ 3 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸንፈው ከመውረድ ተረፉ። የማሸነፊያዋን ያስቆጠረው ቤን ዴቪስም ሆነ አብዛኞቹ ጓደኞቹ የሚጫወቱት በገዛ አገራቸው ሊግ ነበር። በ2022 ወረዱ፣ በ2023 አደጉ፣ በ2024 ደግመው ወረዱ። በ2025 ደግሞ ተመልሰው አደጉ።